የሽሮ ፓርቲ

ባለቤቴ ፓርቲውን ያቋቋመው ሳሎናችን ውስጥ ነው። አዳማ ላይ ቢሮ መከራየት ቀላል አይደለም። የእኛ ሳሎን ሰፊ ነው፤ ልጆቹም አድገው ወጥተዋል። ስለዚህ ፈቃዴን ጠየቀኝ። በትዳራችን ፈቃዴን የጠየቀበት ጊዜ ብዙ ስላልሆነ ዕድሉን ዝም ብዬ አላሳለፍኩትም።

ያን ጊዜ የፖለቲካው በር ተከፍቶ የፈለገ ሁሉ ፓርቲ ያቋቁም ነበር። ባለቤቴ ከፋብሪካ ጡረታ ወጥቷል። በወጣትነቱ ስለ ሶሻሊዝም ብሎ ታስሮ፣ ጓደኞቹ እዚያው ቀርተው እሱ የወጣ ሰው ነው። ስለ እስሩ አያወራም። ስለ ሶሻሊዝም ግን በሠራተኛ ማኅበር፣ በእድር፣ ልቅሶ ቤት ሳይቀር ያወራል።

«ሳሎኑን ትሰጪኛለሽ?» አለኝ።

«እሰጥሃለሁ። አብረን እንቆርባለን?» አልኩት።

በእኛ ሥርዓት ባለትዳር ብቻውን አይቆርብም። ባልና ሚስት ተስማምተው፣ ንስሐ ገብተው፣ አንድ ላይ ይቀርባሉ። እኛ የተጋባነው በሰማንያ ነው። ባለቤቴ ከእስር ከወጣ ወዲህ ለቀብር ካልሆነ የቤተ ክርስቲያን ደጅ አልረገጠም። እኔ አስቀድሳለሁ፣ እጾማለሁ፣ እሰግዳለሁ፤ ሥጋ ወደሙ ሲወጣ ግን ወደ ኋላ እቆማለሁ። የመጨረሻ ጊዜ የቆረብኩት ልጅ ሳለሁ ነው። እኩዮቼ አንድ በአንድ ከባሎቻቸው ጋር ሲቆርቡ ለሁሉም «እንኳን ደስ ያላችሁ» ብያለሁ። እግዚአብሔር ደግ ባል ሰጥቶኛል፤ ጤነኛ ልጆች ሰጥቶኛል፤ አመሰግነዋለሁ። የቀረኝ ይህ ብቻ ነበር።

ባለቤቴ አገጩን አሻሸ። «ፓርቲው እግሩን ይትከል፤ ከዚያ እንነጋገራለን።»

«እግሩን ተከለ የሚባለው መቼ ነው?»

«ምክር ቤት አንድ ወንበር ሲያሸንፍ።»

«አንድ ብቻ?»

«አንድ ብቻ።»

«ሳሎኑ ያንተ ነው» አልኩት።

ከዚያች ቀን ጀምሮ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ከእኔ የባሰ ሶሻሊስት አልነበረም። የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ፣ «አባ፣ አንድ ፓርቲ በጸሎትዎ ያስቡልኝ» አልኳቸው።

«የትኛውን ነው ልጄ?»

«የሶሻሊስቶቹን።»

ቀና ብለው አዩኝ። «እነዚያ በእግዚአብሔር የማያምኑትን?»

«አዎ አባ። ለዚህ እኮ ነው ጸሎት የሚያስፈልጋቸው።»

አባ ሳቃቸውን በመስቀላቸው ከለሉት።

የፓርቲው ስም ረጅም ነበር። ባነሩን ያተመው ሰው ጨርቁ አልበቃው ብሎ የመጨረሻውን ቃል ከታች ብቻውን አስቀመጠው። ሊቀመንበሩ ባለቤቴ ነው። ጸሐፊው ከወሎ መጥቶ አዳማ ላይ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ የከፈተ ሙስሊም ጎረቤታችን ነው። ገንዘብ ያዡ የአርሲ ነገሌ እህል ነጋዴ ነው፤ እሱም ሙስሊም ነው። የርዕዮተ ዓለም ኃላፊው ወጣት የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው።

«ሶሻሊስት ፓርቲ ውስጥ ሁለት ነጋዴ?» ብዬ ጠየቅኩ።

«አንቺ ሳሎኑን ብቻ ስጪ» አለኝ ባለቤቴ።

መሥራች ጉባኤው በግቢያችን ሆነ። ከሞጆ፣ ከመቂ፣ ከባቱ፣ ከአርሲ ነገሌ፣ ከሻሸመኔ ሰው መጣ። በሬ ተገዛ። በሬው ግቢ ገብቶ የአበባ ተክሌን ግጦ ከጨረሰ በኋላ ነው፣ ማንም ያላሰበው ጥያቄ የተነሣው፤ ማን ይረደው?

በእኛ አገር ይህ ትንሽ ጥያቄ አይደለም። ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም አይበላም፤ ሙስሊም ያረደውን ክርስቲያን አይበላም። ሰርግ የደገሰ ሰው ይህን ያውቃል፤ ለየብቻ ያርዳል፣ ለየብቻ ይጥዳል፣ ሁሉም በልቶ መርቆ ይሄዳል። እኔን ቢጠይቁኝ «በሬውን መልሱና በጎች ግዙ» እላቸው ነበር። አልጠየቁኝም። በሩን ዘግተው ተሰበሰቡ። ድምፃቸው በመስኮት ይሰማኝ ነበር።

«ለየብቻ ማረድ የሠራተኛውን መደብ መከፋፈል ነው!» ይላል መምህሩ።

«ይሁን። ታዲያ በማን ስም እንረደው?» ይላል ባለሱቁ።

«በሰፊው ሕዝብ ስም!»

በድምፅ ብልጫ አለፈ። በሬው በሰፊው ሕዝብ ስም ታረደ።

ጥብሱ ቀረበ። የሻሸመኔው ተወካይ ሐኪም ሥጋ እንደከለከለው ድንገት ትዝ አለው። የመቂዎቹን ጥርሳቸውን አመማቸው፤ ሁሉንም ባንድ ጊዜ። አንዱ ጾመኛ ነኝ አለ፤ ማክሰኞን የሚጾም ሃይማኖት ግን እስከ ዛሬ አልሰማሁም። መምህሩ ራሱ ወረቀት ማገላበጥ ጀመረ። በመጨረሻ ሁሉም ወደ ሊቀመንበሩ ዞረ። ባለቤቴ አንድ ጉርሻ ጠቀለለ፤ እስከ ከንፈሩ አደረሰው። እኔ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ነበር። አየኝ፤ አየሁት።

«ጨው በዝቶበታል» ብሎ መለሰው።

ሳይቀምሰው! የዚያን ቀን ተስፋዬ ለመለመ።

ሥጋውን የሰፈሩ ውሾች ጨረሱት። ባለሱቁ ሁልጊዜ፣ «ፕሮግራማችንን ያለ ተቃውሞ የተቀበሉት እነሱ ብቻ ናቸው» ይላል።

ያ ሁሉ እንግዳ ጦሙን ሊበተን ሲል ከእድራችን ትልቁን ድስት አስመጥቼ ሽሮ ሠራሁ። ሽሮ በማንም ስም አይታረድም። ሁሉም በላ፤ ደገመ። ከሰዓት በኋላ ጉባኤው ፕሮግራሙን በሙሉ ድምፅ አጸደቀ። ከዚያ ወዲያ ያን ረጅም ስም የጠራው የለም። ባጃጆች ደጃችን ላይ ሲቆሙ ሾፌሮቹ «የሽሮ ፓርቲ፣ ወራጅ!» ይሉ ነበር። ባለቤቴ ይናደዳል። እኔ ሽሮዬን ማማት አልፈልግም፤ ዝም እላለሁ።

ፓርቲው አደገ። በየሳምንቱ ስብሰባ ነበር፤ በየሳምንቱም ሽሮ ነበር። ተማሪዎች መጡ፣ የጋራዥ ሠራተኞች መጡ፣ የቀን ሠራተኞች መጡ። መምህሩ ስለ ትርፍ እሴት ያስተምራል፤ እነሱ የወጥ ቤቱን በር ያያሉ። አንድ ቀን ሂስና ግለ ሂስ የሚሉትን ያዙ። እያንዳንዱ እየተነሣ ጥፋቱን ይናገራል። አንዱ ስብሰባ ላይ በመተኛቱ፣ አንዱ ሚስቱን ያለ አግባብ በመቆጣቱ። ትሪ ይዤ ስገባ ሰማሁ።

«ይህማ ንስሐ ነው፤ የጎደለው ቄስ ብቻ ነው» አልኩ።

ሳቁ። ባለቤቴ አልሳቀም።

ምርጫው ሲቃረብ እኔም ወጣሁ። የማኅበር እህቶቼ «ይህ ሶሻሊዝም የምትሉት ምንድን ነው?» አሉኝ። አሰብኩ። «እድር ነው» አልኳቸው። «ልዩነቱ ሳትሞቺ የሚደርስልሽ መሆኑ ነው።»

ወዲያው ገባቸው። ወሬው ባለቤቴ ጆሮ ደርሶ በጣም ተቆጣ። «ይህን ሁሉ ትግል እድር አደረግሽው?» አለኝ። ከጥቂት ቀን በኋላ ባቱ ላይ ንግግር ሲያደርግ ሰው እያፋሸገ ጥሎት ሊሄድ ሆነ። ባለቤቴ ወዲያና ወዲህ አየ፤ ጉሮሮውን ጠረገ። «ወገኖቼ! ሶሻሊዝም ማለት ሳትሞቱ የሚደርስላችሁ እድር ነው!» አለ። ተጨበጨበለት። እኔም አጨበጨብኩ። ወደ እኔ ግን አላየም።

በገበያ ቀን በነጋዴው አይሱዙ ተጭነን አርሲ ነገሌ ሄድን። ነጋዴው የስንዴ ጆንያ ላይ ወጥቶ በኦሮምኛም በአማርኛም ተናገረ። ሁሉም እኩል ይሆናል፣ ማንም ማንንም አይበዘብዝም አለ። አንዲት ገበያተኛ ቁና ይዛ ከፊት ቆማለች።

«ኦቦ፣ ይህ እኩልነት ዛሬ ከስንዴህ ዋጋ ይጀምራል?» አለችው።

«ከምርጫው በኋላ ነው፣ እህቴ!» አላት።

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ያም ሆኖ እጅ የነሱን፣ የመረቁን ብዙ ነበሩ። ስንመለስ መኪናው ላይ ባለቤቴ ፊቱ በርቶ ነበር። እንደዚያ ሲደሰት ያየሁት ልጆቻችን ሲወለዱ ብቻ ነው። ወንበሩን ለራሴ ብዬ ብለምንም፣ የዚያን ቀን ለእሱም ለመንኩ።

የምርጫው ውጤት ተለጠፈ። ባለቤቴ መነጽሩን አድርጎ ከላይ ወደ ታች ማንበብ ጀመረ። እኔ ከታች ጀመርኩ፤ ቶሎ አገኘሁት።

«ሽሮዬን የበላ ሁሉ ቢመርጠን እኮ...»

«አትጨርሺው» አለኝ።

አልጨረስኩትም። ከሰፈራችን እድር ያነሰ ነበር ድምፃችን። ቤት ገብተን ጎን ለጎን ተቀመጥን። እሱ ምክር ቤቱን ያስባል፤ እኔ ቅዳሴውን አስባለሁ።

ከዚያ በኋላ መፍረክረክ ጀመረ። መምህሩ የተሸነፍነው ውስጣችን በተሰገሰገ ንዑስ ከበርቴ ነው አለ፤ እህል ነጋዴው እንዲባረር ጠየቀ።

«መጋዘን ያለው ሰው ሶሻሊስት ሊሆን አይችልም!»

ነጋዴው በእርጋታ ተነሣ። «ጓድ፣ መጋዘኔን መጥተህ እየው። ግማሹን የያዘው አይጥ ነው። እኔን ያህል ንብረቱን ለሰፊው ሕዝብ ያካፈለ ማን አለ?»

መምህሩ በሩን አላትሞ ወጣ። የራሱን ፓርቲ አቋቋመ። ሊቀመንበሩም፣ ጸሐፊውም፣ ሰፊው ሕዝብም እሱ ራሱ ነበር። ልጁ ክፉ አይደለም፤ በየበዓሉ ይደውልልኛል።

የመቂው ቅርንጫፍ እንዳለ ትልቅ ፓርቲ ውስጥ ገባ። የባቱው ኃላፊ ዓሣ ንግድ ጀመረ። የሻሸመኔው ስልክ አያነሣም። የፓርቲውን ልክ ከሁሉ በፊት የሚያውቀው የእኔ ድስት ነበር። መጀመሪያ የእድሩን ድስት መለስኩ። ቀጥሎ የበዓሉን ድስት ሰቀልኩ። በኋላ የዘወትሯም በዛች፤ በትንሽ የሸክላ ድስት መሥራት ጀመርኩ። ስብሰባ የሚመጡት ሦስት ናቸው፤ ባለቤቴ፣ ባለሱቁና ነጋዴው። ባለቤቴ ግን አሁንም ተነሥቶ ቆሞ «የተከበራችሁ የጉባኤው አባላት» ብሎ ነው የሚጀምረው።

አንድ ቀን ደፍሬ «ቃልህስ?» አልኩት።

«ወንበር አላሸነፍንም» አለኝ።

ቃሉን የሚጠብቅ ሰው አስቸጋሪ ነው። የገባውን ብቻ ሳይሆን ያልገባውንም ይጠብቃል።

በመጨረሻ ፓርቲውን ለመዝጋት ተስማሙ። መዝጋትም አልቻሉም። ደንቡ ከአራት አባል በታች ስብሰባ አይባልም ይላል፤ ደንቡን ያወጣው ደግሞ ባለቤቴ ነው።

«ጓድ፣ ለመሞትም ምልዓተ ጉባኤ ያስፈልጋል?» አለ ባለሱቁ።

«ደንብ ደንብ ነው» አለ ባለቤቴ።

ነጋዴው ትሪውን ይዤ ስገባ አየኝ። «አካም ጂርቱ፣ አዴ?» አለኝ፤ በአክብሮት ሲጠራኝ «አዴ» ነው የሚለኝ፤ ቅድምም ሰላም ብሎኝ ነበር። ወደ ጓዶቹ ዞረ። «አዴን አባል ብናደርጋቸውስ? ከማናችንም የበለጠ የሠሩት እሳቸው ናቸው።»

ባለቤቴ ተቀምጦ እንደ ዳኛ አየኝ። «የፓርቲውን ዓላማ ትቀበያለሽ?»

«የጥንት ምእመናን ያላቸውን ሁሉ የጋራ አድርገው ይኖሩ ነበር ሲባል ሰምቻለሁ። ከዚያ ካልራቀ እቀበላለሁ።»

«ዲሲፕሊኑንስ? ጥቂቱ ለብዙኃኑ ውሳኔ ይገዛል።»

«ማንም ቢሆን?»

«ማንም ቢሆን። ሊቀመንበርም ቢሆን።»

«እቀበላለሁ» አልኩ። በሙሉ ልቤ።

ስብሰባው ተጀመረ። የመጀመሪያው አጀንዳ ፓርቲውን ማፍረስ ነበር። ባለቤቴ ቆሞ አነበበው። ባለሱቁ ምንጣፉን ያይ ነበር። እጃችንን አወጣን። የእኔ እጅ ከባዷ ነበረች፤ ዕድሜውን ሙሉ የተመኘው ነገር ነው። ባለቤቴ መሀረቡን አውጥቶ ተናፈጠና «ውሳኔው ስብሰባው ሲዘጋ ይጸናል» ብሎ አስጻፈ። ባነሩ ለእኔ ይሰጥ ተባለ፤ ለበርበሬ ማስጫ።

«ልዩ ልዩ» አለ ባለቤቴ፣ መነጽሩን እያወለቀ። «የለም፤ ስለዚህ...»

እጄን አወጣሁ።

«ምንድን ነው?»

«ጓድ ሊቀመንበር ከባለቤቱ ጋር ንስሐ አባት ዘንድ ሄዶ ስለ ቁርባን ይነጋገር። ሐሳብ አቅርቤያለሁ።»

ባለሱቁ አፉን በእስክሪብቶው ጫፍ ሸፈነ።

«ይህ የግል ጉዳይ ነው!» አለ ባለቤቴ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣» አለ ነጋዴው፣ «ሁለተኛ ሚስት ላግባ ብዬ በስብሰባ የከለከልከኝ ጊዜ፣ ታጋይ የግል ጉዳይ የለውም ብለኸኛል።»

«እናንተ ሙስሊሞች በክርስቲያን ቁርባን ምን አገባችሁ?»

«ወላሂ፣ የበላነው ሽሮ ያገባናል» አለ ባለሱቁ።

«ፓርቲው ፈርሷል! መወሰን አይችልም!»

ባለሱቁ የጻፈውን ጮክ ብሎ አነበበ። «ውሳኔው ስብሰባው ሲዘጋ ይጸናል። ስብሰባው አልተዘጋም። ሐሳቡን የምትደግፉ?»

ሦስት እጅ ወጣ።

ባለቤቴ ለአንድ ነገር በሕይወቱ ታምኖ የኖረ ሰው ነው። «የተቃውሞ ድምፄ ይመዝገብ» አለ። ተመዘገበለት። ስብሰባው ተዘጋ። ሽሮ በላን።

ጓዶቹ ከሄዱ በኋላ ግን ፍርሃት ያዘኝ። ሰው በድምፅ ብልጫ ይቆርባል? በቅዱስ ነገር ቀለድኩ? በማግስቱ ለአባ ሁሉን ነገርኳቸው። ሳቁ፤ ከዚያ ሳቃቸውን አቆሙ።

«የሚያስገድደው የለም፣ ልጄ። መጥቶ ይቀመጥ። ካልፈለገ ተነሥቶ ይሄዳል።»

ባለቤቴ ኮቱን ለብሶ፣ ለፖሊስ ቃሉን እንደሚሰጥ ሰው ፊቱን አጥቁሮ መጣ። እኔ ግቢው ውስጥ ግራር ጥላ ሥር ተቀመጥኩ። ቶሎ ተጣልቶ ይወጣል ብዬ ነበር። አልወጣም። ጥላው ከእኔ ላይ ሄዶ ግንቡ ላይ ደረሰ። ሲወጣ ዓይኑ ቀልቷል። ወደ አስፋልቱ ወጣን።

«ስለ ፓርቲው አልጠየቁኝም» አለ።

«ስለ ምን ጠየቁህ?»

«ስለ ጓደኞቼ። እስር ቤት ስለቀሩት።» ቆመ። «ፍትሐት ተደርጎላቸዋል ወይ አሉኝ። ማን ያደርግላቸዋል? መቃብራቸውስ የት አለ? እኔ እኮ ከእግዚአብሔር ጋር የተቀያየምኩት በእነሱ ነው።»

ይህን ሁሉ ዘመን አብሬው ኖሬ ይህን ነግሮኝ አያውቅም። እኔ ርዕዮተ ዓለም ይመስለኝ ነበር።

«አባ ምን አሉህ?»

«የክርስትና ስማቸውን ታውቃለህ አሉኝ። የአንዳንዶቹን አውቃለሁ አልኩ። የቀሩትን እግዚአብሔር ያውቃቸዋል፣ በቅዳሴ እናስባቸዋለን አሉኝ።»

ባጃጅ አጠገባችን ቆሞ ጥሩምባ ነፋ። አልተሳፈርንም። እስከ ቤት በእግራችን ሄድን።

ከዚያ በኋላ እምቢ አላለም። ቀኖና ሲሰጠው ግን የሠራተኛ ማኅበር ሰው ነውና ሳይደራደር አልተቀበለም። ስግደቱ ለጉልበቴ ይከብዳል ብሎ ተከራክሮ አባ ከፊሉን በምጽዋት ለወጡለት። እኔ የሰጡኝን ሁሉ ተቀበልኩ፤ ቢጨምሩብኝም እቀበል ነበር።

ቀኖናችንን ጨረስን፤ እሑድ ሆነ። እሱ በወንዶቹ በኩል፣ እኔ በሴቶቹ በኩል ቆምን። አባ በገቡት ቃል መሠረት የጓደኞቹ ስም ሲነሣ ወደ ወንዶቹ አየሁ። ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ እንባው ግን ይወርዳል። ሥጋ ወደሙ ሲወጣ ወደ ፊት ሄድኩ። ከዚህ በላይ አልጽፍም። ተመስገን።

ቆራቢ አፉን ሸፍኖ፣ ዝም ብሎ ነው ወደ ቤቱ የሚሄደው። ነጠላችንን አፋችን ላይ አድርገን ከቅጥሩ ስንወጣ፣ የነጋዴው አይሱዙ ደጃፉ ላይ ቆሟል። ነጋዴው ከአርሲ ነገሌ ድረስ መጥቷል። ባለሱቁ ሱቁን ዘግቶ፣ የዒድ ልብሱን ለብሶ አጠገቡ ቆሟል።

«ባጋ ገመዳን፣ አዴ፣ እንኳን ደስ ያለዎት» አለኝ ነጋዴው፤ ጎንበስ ብሎ።

ባለሱቁ ባለቤቴን ከእግር እስከ ራሱ አየው። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ስንት ውሳኔ አሳለፍን! ሥራ ላይ ሲውል ያየሁት ይህን አንዱን ብቻ ነው።»

ባለቤቴ ዓይኑ ፈጠጠ። መልስ ነበረው፤ ብዙ መልስ። እጁ ነጠላውን ሊያወርድ ተነሣ። ራሴን ነቀነቅኩበት። ነጠላውን መልሶ አፉ ላይ አጥብቆ ያዘ።

«አልሐምዱሊላህ» አለ ባለሱቁ፤ የመኪናውን በር ከፈተልን።